ዓይን ገልጦ መተኛት

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከጫማ ሻጩ ሥር፣
ዓመት ሞላኝ ብረት ሳነሣ ስደረድር።
ክንዴ ፈረጠመ፣ ጭኔም ጠነከረ፤
ጭንቀቴም ከጎኔ ትከሻ አወጣ፤ ለካ አብሮኝ ሲሠራ ነው የኖረ።

ሥራዬ ባንክ ነው፤ መስኮት ቁጥር ሦስት፤
በሰውና በእኔ መሀል አንድ መስታወት።
ብር እቆጥራለሁ፦ ሰኞ ገበያ ውሎ በርበሬ የሸተተውን፣
የበግ ነጋዴው ላብ ያረጠበውን።
ማታ ሒሳብ ሲዘጋ መቶ ብር ከጎደለ፣
ከኪሴ ይሞላል፤ ልቤ ግን እንደጎደለ
አቀበቱን ወጥቶ ቤት ይገባል።

ብረት ቤቱም የራሱ ጣጣ አለበት።
አንዱ ጎረምሳ ደክሞት ዳምቤሉን ሲለቀው ከመሬት፣
ጓ! ሲል፣
ሁላችንም ቀጥ እንላለን።
ምን ትዝ አለህ ብሎ ማንም ማንን አይጠይቅም።
ጣሪያውን እናያለን። ከዚያ እንሣሣቃለን።
ሙሄ ሙዚቃውን ከፍ ያደርገዋል።

አንድ ቀን ታዲያ ይኸው ሙሄ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ፣
"ለጭንቅሽ ሌላ ፈልጊ" አለኝ፣ "ብረት ምክር አይሰማም" ብሎ።
"ማክሰኞ ዮጋ አለ፤ ሐሙስ ደግሞ ፒላተስ፤
ከሁለቱ አንዱን ያዢ፣ ትንሽ ነፍስሽ መለስ
እስክትል ድረስ።"
ደሞዜ ለአንዱ እንጂ ለሁለቱ አይበቃ፤
ቀምሼ ልምረጥ ብዬ ምንጣፍ ገዛሁ በቃ።

ሐሙስ ትብለጥ ናት፤ ሆስፒታል ውላ የምትመጣ፣ ወገብ የምታቃና፣
አጥንትን በስሙ የምትጠራ፣ ዓይኗ እንደ ውኃ ልክ የቀና።
"እምብርት ወደ ጀርባ፤ ራስ ከምንጣፉ ይነሣ፤
እግር አየር ላይ ይቁም፤ እጅ ይምታ፤ ቁጥሩም አይረሳ፦
እስከ መቶ!"

መቶ።
ወይ ጉድ! ቀኑን ሙሉ መቶ፣ ደግሞ ማታም መቶ?
ሰባ ሁለት ላይ ስደርስ፣ ሆዴ ተንቀጥቅጦ ላቤ ወጥቶ፣
"አንድ ጎደለኝ" የሚል ሰው ከመስኮቱ ማዶ ቆመ መጥቶ።
ላልዋሽ፣ ወገቤ ወደደው፤ በማግስቱ ቀጥ ብዬ ዋልኩ፤
ሌሊት ግን፣ በሕልሜ፣ ሆዴን ስቤ ብር ስቆጥር አደርኩ።

ማክሰኞ ረህመት ናት። መብራቱን ቀነሰች።
"ዛሬ ለማንም አትቁጠሩ" አለች።
"ትንፋሽ የቤት ልጅ ነው እንጂ እንግዳ አይደለም የመጣ፤
በሩ ላይ አትቁሙበት፣ ሲገባ ሲወጣ።"
ድመት ሆንን፤ ውሻ ሆንን፤ ዛፍ ሆንን ባንድ እግር፤
አጠገቤ ሐጂ ይመር፣ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር፣
"ጦሳም ባንድ እግሩ አይቆም!" ብለው ተንከባለሉ ከምንጣፉ ዳር።

እስከዚህ ደግ ነው።
መጨረሻ ላይ ግን "ተኙ" አለች፤ "በጀርባ። እንደ በድን።
ዓይን ይጨፈን።"

እንቢ አልኩ። አፌ ዝም አለ እንጂ ገላዬ እንቢ አለ።
እኛ አገር እንደ በድን መተኛት ጨዋታ አይደለ።
በጨለማው ጆሮዬ አደገ፤ ላይ ቤት ጫማ ሻጩ
ሳጥን ሲጎትት፣ ልቤ ከደረቴ አመለጠ በሩጫ።

ረህመት መጣች፤ ጎንበስ ብላ፣ በጆሮዬ፣
"ገልጠሽ ተኚ" አለችኝ፤ "ማን ከለከለሽ፣ እህትዬ?"

ገለጥኩ። ጣሪያው ላይ ስንጥቅ አለ፣
ከአምፖሉ ሥር ፈልቆ፣ እንደ ቦርከና እየዋለለ
ወደ ግድግዳው የሚወርድ።
በዓይኔ ተከተልኩት፤ ኮምቦልቻ ሳልደርስ ትንፋሼን ሰማሁት፤
ሲገባ አልጠየቅኩት፤ ሲወጣ አልቆጠርኩት።

ማክሰኞን ያዝኩ እንግዲህ። ትብለጥ ትቀየመኝ ይሆናል፤
ወገቤማ አሁንም ያኮርፋል።
ቅዳሜ ቅዳሜ ብረቴን አልተውኩም።

ባለፈው ያ ጎረምሳ ደግሞ ለቀቀው። ጓ!
ደነገጥኩ። ምን እዋሻለሁ፣ ደነገጥኩ።
ግን ሦስተኛው ትንፋሽ ላይ
ራሴን አገኘሁት፦ ደሴ፣ ምድር ቤት፣ ብረት እንደያዝኩ።
ሙሄ ሙዚቃውን ከፍ ሊያደርግ እጁን ሲሰድ፣
"ተወው" አልኩት።